ፊውዝ፦ አንዱ ቀልጦ ያድናል፣ አንዱ ነድዶ ያፈነዳል

ክሩን፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር መልስ በመልስ የሚቀጥለውን ውይይት፣ የከፈትኩት በሰሜን ሸዋ ያለን ባለሙያዎችና መምህራን በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለሙያ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፊውዝ የሚለውን ቃል ሁለት ቦታ ያገኙታል። በኤሌክትሪክ ትምህርታቸው ፊውዝ ማለት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ፣ ቤት እንዳይቃጠል የሚጠብቅ ቀጭን ሽቦ ነው። ስለ ድንጋይ ማውጫ ሥራ ሲማሩ ግን ፊውዝ ማለት እሳቱን እስከ ድማሚቱ ይዞ የሚሄድ ገመድ ነው። አንዱ እሳት ይከላከላል፤ ሌላው እሳት ያደርሳል። ታዲያ እንዴት አንድ ስም ያዙ?

በ1ኛው ጽሑፌ ይህን ጠየቅሁ። አቋሜንም አስቀመጥኩ። እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ከተለያየ ቦታ መጥተው እንግሊዝኛ ውስጥ መልካቸው ገጠመ እንጂ ዘመድ አይደሉም አልኩ። ሁሉም በየሙያው የሚያውቀውን ፊውዝ እንዲነግረን ለመንኩ። መልሱ ሲጎርፍ ነገሩ ከቃል አልፎ የሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ ገባ። በተራው የማወጋችሁም ለዚሁ ነው።

2ኛውን መልስ የሰጠው እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። መምህር ብሎ ጀምሮ፣ ሰላምታውን አድርሶ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። ፊውዝ ማለት በመስመሩ ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ መሆኑን አስረዳ። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጭነት ሲበዛ ወይም መስመሩ ሾርት ሲያደርግ ቀድሞ የሚግለው ያ ቀጭን ሽቦ ነው። ግሎ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ይበጠሳል። ቲን በ232 ዲግሪ፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ፣ መዳብ ደግሞ በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀልጥም ጨመረ። ኤዲሰን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ዘዴውን ሲዘረጋ ፊውዝን አብሮ አስቦበት እንደነበረና እ.ኤ.አ. በ1890 የባለቤትነት መብት እንዳወጣበትም ጠቀሰ። በጣም ንጹሕ መልስ ነበር።

3ኛው ከድንጋይ ማውጫ ሠራተኛ መጣ። እሱ የሚያውቀው ፊውዝ ቀልጦ አያውቅም። ውስጡ ጥቁር ባሩድ ያለው፣ ላዩ በክርና በሬንጅ የተሸፈነ ገመድ ነው። ጫፉ ይለኮሳል። እሳቱ በገመዱ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ሄዶ ካፕ የሚባለው ትንሽ ማስነሻ ፈንጂ ላይ ይደርሳል፤ ካፑ ድማሚቱን ያስነሳል። ይህ ሰው የሥራውን ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል። የእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች በፊት ባሩዱን በገለባና በላባ ቀፎ ውስጥ ጠቅጥቀው ነበር የሚለኩሱት። አንዳንዴ በቅጽበት ይነዳል፣ አንዳንዴ ጠፋ ሲሉት ይዘገያል። ብዙ ሰው በዚህ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1831 ዊልያም ቢክፎርድ የተባለ የኮርንዎል ሰው ባሩዱን በክር ገመድ ውስጥ አስገብቶ ገመደው፤ ፍጥነቱም አንድ ወጥ ሆነ። 30 ሴንቲ ሜትሩ በ30 ሰከንድ ገደማ ይነዳል። ሰውየው የጻፈው አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም። እሱ ገመድ ሲቆርጥ የሚለካው ርዝመቱን ሳይሆን ሸሽቶ የሚደርስበትን ቦታ ነው።

4ኛው አጭር ነው። ሁለቱም እሳት ናቸው፣ ምን ያጨቃጭቃል የሚል።

5ኛው የኔ ነው። እዚህ ላይ ምንጩን በዝርዝር አስቀመጥኩ። የሚቀልጠው ፊውዝ የመጣው ፉንደሬ ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ ማፍሰስና ማቅለጥ ማለት ነው። ብረት አቅልጦ ቅርጽ ላይ የሚያፈስሰው ፋውንደሪ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የሚለኮሰው ፊውዝ ግን በጣሊያንኛ በኩል ፉሱስ ከሚለው የላቲን ስም የመጣ ነው፤ እንዝርት ማለት ነው። የድሮ ፈንጂ የሚለኮስበት ባሩድ የተሞላ ቀጭን ቱቦ እንዝርት ይመስል ስለነበር ስሙን ወረሰ። በዚህ ጊዜ ክሩ ይዘጋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

6ኛዋ የመንዝ እናት መጡ። ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል አልተናገሩም። እንዝርት ማለት ምን እንደሆነ ላቲኑን ሳይጠብቁ ነገሩን። የበግ ጠጉር ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በደጋን ተነድፎ ይፈተላል። መጀመሪያ እንዝርቱ ባዶ ዘንግ ነው። ክሩ ሲጠቀለልበት መሐሉ እያበጠ ይሄዳል፤ ሁለቱ ጫፍ ሾጣጣ ሆኖ ይቀራል። በጣታቸው ዘንጉን አሽከርክረው ሲለቁት፣ ክሩ እየተገመደ ሲወርድ፣ የጠጉሩ ቅባት ጣታቸው ላይ እንደሚቀር ጻፉ። ባናውም ዝተቱም የሚሠራው ከዚያ ክር ነው። የ3ኛው መልስ ገመድ ውስጡ የተሞላ፣ ላዩ ክር የተጠመጠመበት ከሆነ ስሙ ልክ ነው ብለው ፈረዱ። እትዬ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም ብዬ መለስኩላቸው። አሁንም አምንበታለሁ።

7ኛው አዲስ አበባ በአውሮፕላን ጥገና ላይ የሚሠራ የአካባቢያችን ልጅ ነው። የእትዬን መልስ አንስቶ የአውሮፕላን አካል ፊውዝላጅ የተባለው መሐሉ ወፍሮ ጫፉ ስለሚሾጥ መሆኑን፣ ቃሉም ከፈረንሳይኛው የእንዝርት ቃል መምጣቱን ነገረን። ልክ ነው።

8ኛው በያጅ ነው፣ ከጫጫ። ፊውዝ ማድረግ ማለት መበየድ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ። ሁለት ብረት ጠርዛቸው ቀልጦ እርስ በእርሱ ሲፈስስ አንድ ብረት ይሆናል፤ በኋላ ቢሰበር እንኳ ሁልጊዜ በስፌቱ አይሰበርም። 9ኛው ሬዲዮ ጠጋኝ ስታኞም፣ ሽቦ ከሽቦ የሚያያዝበት ቀላጭ ብረት፣ እንደዚያው ነው ሲል ደገፈ። 10ኛው ግን አረመው። ስታኞ ሲደረግ የሚቀልጠው ስታኞው ብቻ ነው። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሥሩ ያለው መዳብ ግን ቅንጣት አይቀልጥም። ስለዚህ ማጣበቅ እንጂ መዋሐድ አይደለም። ሬዲዮ ጠጋኙ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ጨዋ እርማት ማየት ደስ ይላል።

ጨዋነቱ እዚህ ላይ ቆመ።

11ኛው የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ላቲኑ ምን ይሠራልናል ብለው ተነሡ። እሳቸው ዘንድ ፊውዝ በየጊዜው እየተቃጠለ ሥራ ሲያስፈታ ኖሯል። ደንበኛ እህሉን ተሸክሞ በር ላይ ይቆማል። በመጨረሻ ከወፍራም ኬብል መዳብ መዝዘው በፊውዙ ቦታ አሰሩበት። ዓመታት አለፉ፣ ምንም የሆነ ነገር የለም። ፊውዝ ሻጭ እንዲበላ የተፈጠረ ነገር ነው የሚል መደምደሚያም ጨመሩ። 12ኛውና 13ኛው ደገፏቸው። አንዷ ቤቷ ውስጥ በፊውዙ ቦታ ሚስማር እንዳለ፣ ምጣድ ስትጥድ መብራት መጥፋቱ የቀረላት ከዚያ ወዲህ መሆኑን ጻፈች። ሌላው የሲጋራ ወረቀት ብልጭልጩን ይጠቀማል።

14ኛው መልስ ላይ ኤሌክትሪሺያናችን ተመለሰ። አሁን ሰላምታ የለም። በቀጥታ ወደ ስሌቱ ገባ፤ እኔም ሙሉውን እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነውና። ዊልያም ፕሪስ የተባለ የብሪታንያ የቴሌግራፍ መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽቦ በስንት አምፔር (የከረንት መለኪያ ነው) እንደሚቀልጥ መገመቻ ቀመር አውጥቷል። ለመዳብ ሲሆን፣ የሽቦው ውፍረት በሚሊ ሜትር ይለካል። በራሱ ስኩዌር ሩት ይባዛል። ከዚያ በ80 ይባዛል። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነች የፀጉር ያህል ሽቦ በ7 አምፔር ገደማ ትቀልጣለች። 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነችው በ28። ከተራ የመብራት መስመር ላይ የሚመዘዘው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ውፍረቱ 1.38 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ እስኪቀልጥ 130 አምፔር ይፈልጋል።

በግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ግን 15 አምፔር አካባቢ እንዲሸከም የተዘረጋ ነው። የላዩ ፕላስቲክ 70 ዲግሪ ድረስ ነው የተፈቀደለት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ከወሰደ፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ነው። ካውያና ምድጃ ሲጨመርበት መስመሩ ይግላል። ፊውዙ ቦታ ያለው መዳብ ግን ገና ሙቀቱም አልተሰማውም። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፣ ሽቦዎቹ ይገናኛሉ። እሳቱ ግድግዳ ውስጥ፣ ከጣራው ሥር፣ ሰው ሳያየው ይነሳል። ሚስማሩማ ለስሌትም አይመችም አለ።

የኔ ጥያቄ ትክክለኛ መልሱን ያገኘው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በምንጫቸው የማይገናኙት ሁለቱ ፊውዞች በአንድ መንገድ ብቻ ይገናኛሉ። የሚቀልጠው ፊውዝ ቦታ ላይ የማይቀልጥ ነገር ስናስር ቤቱን የሚለኩሰውን ፊውዝ ራሳችን ዘረጋን ማለት ነው። የግድግዳው ሽቦ የ3ኛው መልስ ገመድ ይሆናል። የድንጋይ ማውጫው ሠራተኛ ግን መሸሻውን ቀድሞ ለክቷል። ምጣድ ጥዳ ልጆቿን ያስተኛችው እናት ምንም አልለካችም። ይህን በ15ኛው መልሴ በግልጽ ጻፍኩ። በ12ኛው መልስ የጻፈችውን እህታችንን ሚስማሩን ዛሬውኑ እንድታስወጣ ለመንኳት።

16ኛው ላይ ባለወፍጮው ተቆጡ። ኤሌክትሪሺያኑን ከእርስዎ ወደ አንተ አወረዱት። ሞተር ነክተህ ታውቃለህ ወይ ሲሉ ጠየቁት። ሞተር ሲነሳ ከሚሠራበት ከረንት ብዙ እጥፍ እንደሚስብ፣ ደህናው ፊውዝ ገና ሲነሳ እንደሚቃጠል ጻፉ። ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ቀጠሉ። ወፍጮው በሦስት ፌዝ፣ ማለትም ከረንት በሚያመጡ ሦስት መስመሮች፣ ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ከሦስቱ ፊውዝ አንዱ ብቻ ተቃጥሎ ሞተሩ በሁለት ፌዝ እያጉረመረመ ቀጠለ። ሳይታወቅ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ነደደ። አዲስ ማስጠምጠሚያ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። መዳብ ያሰሩት ከዚያ በኋላ ነው።

እውነት ለመናገር፣ ይህ ከባድ ክርክር ነው። ክሩ ውስጥ ብዙዎች ሳያነቡ ዘለሉት፤ 17ኛው እንዲያውም በአንድ መስመር ስድብ አለፈ። አላዋቂ ማለት መልስ አይደለም። እኒህ ሰው ከስንፍና አይደለም መዳብ ያሰሩት፤ ንብረታቸው በዓይናቸው እያዩ ስለተቃጠለ ነው።

18ኛው ከሸዋ ሮቢት ጋራዥ ነው። ነገሩን ያበረደው እሱ ነው። የመኪና ፊውዝ በቀለም እንደሚለይ ነገረን፤ ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30። ጣርማ በርን ወርዶ የመጣ አንድ ሚኒባስ ከክሩስኮቶው ሥር ጭስ ይዞ ጋራዡ ደረሰ። ሲፈታ በቀዩ ፊውዝ ቦታ የታጠፈ ሽቦ ተገኘ። የሽቦው ጥቅል ሙሉ አንድ ላይ ተጋግሮ ጥቁር ዱላ ሆኗል፤ የቱ የመብራት፣ የቱ የፍሬን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ታጥፎ የገባው ሽቦ ግን እንዳለ ነበር። ይህን ሲጽፍ ማንንም አልወቀሰም። ሾፌሩ ሌሊት መንገድ ላይ መብራት ሲጠፋበት ያገኘውን አሰረ እንጂ ሌላ ምን ያድርግ አለ። ስለዚህ ትርፍ ፊውዝ ኪስ ውስጥ መያዝ ይሻላል፤ ዋጋው ከሻይ አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሸሸ። 19ኛው ከአንኮበር ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ውጅግራ የምንለው ጠመንጃም ከፊውዝ ነው የመጣው ሲል ገመተ። ግምቱ ቆንጆ ነበር። 20ኛው ላይ የታሪክ መምህር አስተካከሉት። ውጅግራ ፉዚ ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። ግራ የሰው ስም ነው፤ ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን የሠራው እ.ኤ.አ. የ1874 ጠመንጃ ነው። ፉዚ ማለት ጠመንጃ ነው። እሱም ከእንዝርቱም ከማቅለጡም አይደለም። ፎኩስ ከሚለው ላቲን ነው የሚወጣው፤ ምድጃ ማለት ነው። እሳት የሚያስነሳው ብረት በዚያ ተጠራ፣ ከዚያ ጠመንጃው። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ውጅግራ ይዘው ነበር። ስናድር ከስናይደር፣ ለበን ከለቤል፣ ምንሽር ከማንሊከር እንደመጡም አከሉበት። 21ኛውና 22ኛው የአያቶቻቸውን ጠመንጃ ሲተርኩ ቆዩ። 23ኛው የጣርማ በርን ዋሻ አነሳ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያንን ሁሉ ድንጋይ ያስፈረሰው በሚለኮሰው ፊውዝ መሆኑን አስታወሰን። ቢያንስ እሱ ወደ ርዕሱ ቀረበ።

24ኛው የፊዚክስ ተማሪ ነው። ፊውዥን ከማቅለጡ ወገን መሆኑን፣ የሃይድሮጅን አስኳሎች አንድ ላይ ተዋሕደው ሂሊየም ሲሆኑ ፀሐይን እንደሚያነዱ ጻፈ። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ይግላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022፣ ካሊፎርኒያ ያለ ቤተ ሙከራ 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ጉልበት አስገብቶ 3.15 ማውጣቱንም ነገረን።

25ኛዋ ደግሞ እንግሊዝኛው ሰው ሲቆጣ ፊውዝ የሚጠቅስበትን ሁለት አባባል ለይታ እንድነግራት ጠየቀች። ጎበዝ ጠያቂ ናት። ቶሎ የሚቆጣን ሰው ፊውዙ አጭር ነው ይሉታል፤ ያ ከሚለኮሰው ገመድ ነው፣ ገመዱ ካጠረ ፍንዳታው ቅርብ ነውና። ንዴቱ ድንገት የገነፈለበትን ደግሞ ፊውዙን አቃጠለ ይሉታል፤ ያ ከኤሌክትሪኩ ነው። የኛ የከተማ ልጆች ፊውዙ ተቃጥሏል የሚሉት ግን ለተቆጣ ሰው አይደለም። አእምሮው መብራት ለጠፋበት ነው። ይህን በ26ኛው ጻፍኩላት።

27ኛው ላይ ኤሌክትሪሺያናችን ለባለወፍጮው መለሰ። ብዙ ጊዜ ወስዶበታል፤ ግን በቁጣ አልመለሰም። ጋሼ ብሎ ጀመረ። ሞተር ሲነሳ ስድስት እጥፍ ገደማ መሳቡ እውነት መሆኑን አመነ። 7.5 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር በ380 ቮልት 15 አምፔር አካባቢ ይሠራል፤ ሲነሳ ግን እስከ 90 ይደርሳል። ለዚህ የተሠራ ቀስ ብሎ የሚቀልጥ የሞተር ፊውዝ አለ፤ የመነሻውን ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፣ ሾርት ሲመጣ ግን ይበጠሳል። የአንዱ ፌዝ መጥፋት ደግሞ የፊውዝ ሥራ አይደለም። ለእሱ ኦቨርሎድ የሚባል፣ ሞተሩን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ኮንታክተር ጋር የሚገጠም መከላከያ አለ። አንድ ፌዝ ሲጠፋ የቀሩት ሁለቱ ሲግሉ ሞተሩን ራሱ ያቆመዋል። የጋሼ ሞተር የነደደው ይህ ስላልነበረው ወይም ከሞተሩ አምፔር በላይ ስለተሞላ ነው።

28ኛው ላይ የ12ኛዋ እህት ሚስማሩ መውጣቱንና በቦታው ብሬከር፣ ጭነት ሲበዛ ራሱ መስመሩን የሚቆርጥ ማብሪያ፣ መገጠሙን አሳወቀች። ምጣዱ ለብቻው መስመር ተስቦለታል። እኔም፣ ብዙ ሰውም ደስታችንን ጻፍንላት።

29ኛው የባለወፍጮው ነው። ወደ እርስዎ ተመልሰዋል። የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ ለጥፈው ቁጥሩን እንዲያነብላቸው ጠየቁ፤ 11 ኪሎ ዋት ነው። በ30ኛው ኤሌክትሪሺያኑ የሚገዙትን ኦቨርሎድ መጠን ነገራቸው፤ 22 አምፔር ላይ የሚሞላ። መዳቡን ከማውጣታቸው በፊት ዋናውን ማብሪያ እንዲያወርዱና በቴስተር እንዲፈትሹ አሳሰባቸው። እሳቸው በ31ኛው ራሱ መጥቶ እንዲገጥምላቸው ለመኑት፤ ከገበያ ቀን በስተቀር የትኛውም ቀን ይሆናል። ሐሙስ ጠዋት ተባባሉ።